ካባውን ያልገለበጠው

ፌርጋል የተገኘው ጉብታው አናት ላይ፣ ነጭ አበባ ባፈኩት የእሾህ ዛፎች ክበብ መሐል፣ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ዓይኖቹ እንደተከፈቱ ናቸው። ከግራ ትከሻው በላይ፣ አንገቱ ሥር፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ ቁስል አለ። ቁስሉ ውስጥ ከድንጋይ የተጠረበ ትንሽ የቀስት ጫፍ ተሰክቷል። እንዲህ ያለውን ድንጋይ ገበሬ ሲያርስ ካገኘው በሬውን አቁሞ ዞሮት ያልፋል እንጂ አይነካውም፤ የደጋጎቹ ቀስት ነው። ስለዚህ ይህን ያየም የሰማም ሁሉ ገዳዩ ማን ይሆን ብሎ ለመጠየቅ አልደከመም።

ደጋጎቹ የሚባሉት ደግ ስለሆኑ አይደለም። ተናካሽ ውሻን «ና የኔ ጌታ» እያሉ እንደሚያልፉት ነው። ከጉብታው ሥር ይኖራሉ፤ ከሰው ይልቅ ያምራሉ፤ ብረት ያቃጥላቸዋል፤ ከተቀየሙ የላም ጡት ያደርቃሉ፣ ከአልጋ ሕፃን ይሰርቃሉ። ከእነሱ አንዱ፣ ኡዋን የሚሉት፣ የባላባቱን የሙርካድን ልጅ ዱንላን መውደዱን፣ እሷም በእሱ ፍቅር መውደቋን አገሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። አሁን ወንድሟ ፌርጋል በኡዋን ደጃፍ ሞቶ ተገኘ። በቤልቴኔ፣ በጋው በሚገባበት የእሳት በዓል ጧት፣ ፊታቸውን በጤዛ ሊታጠቡ የወጡ ልጃገረዶች ከታች ሆነው አይተውት ሲጮሁ፣ ወንዶቹ ተሰብስበው ወንዝ ዳር ዱንላን ያቀፈውን ኡዋንን ከነእንቅልፉ ያዙት፤ በብረት ሰንሰለትም አሰሩት። ፀሐይ ስትጠልቅ ከነሰንሰለቱ የበዓሉ ደመራ ላይ ሊወረወር ተፈረደበት። የጎደለው የዳኛ ቃል ብቻ ነው፤ ያለ ዳኛ ቃል ማቃጠል ነውር ነዋ።

ዳኛዋ ጎርምላ በበቅሎ ስትደርስ ረፋድ ሆኗል። ባልቴት ናት፤ ጉልበቷ ካረጀ ቆይቷል፣ ምላሷ ግን ገና አላረጀም። ከሙርካድ ጋር በልጅነታቸው አብረው ከብት ነድተዋል፤ ስለዚህ ባላባት ነው ብላ አታጎበድድለትም። ሙርካድ ደጅ ቆሞ ጠበቃት። ጢሙ ላይ እንባው ደርቋል።

«ቃሉን ስጪኝና ሂጂ፤ ሌላ አልጠይቅሽም» አላት።

«ልጅህን ሳላይ?»

«ምን ያደርግልሻል? ድንጋዩ አንገቱ ላይ ነው።»

«ድንጋይ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም» አለችና ወደ ጉብታው መራችው።

ከዛፎቹ ጠርዝ ሲደርሱ ሁለቱም እንደ ማንኛውም ሰው ቆሙ፤ ካባቸውን አውልቀው ገልብጠው ለበሱ። ደጋጎቹ ሰውን የሚያውቁት በልብሱ ነውና የተገለበጠ ልብስ የለበሰውን መንገድ ሊያስቱት አይችሉም። ይህን በዚያ አገር ልጅ ከመራመዱ በፊት ይማረዋል፤ ማንም ለማንም ማስታወስ አያስፈልገውም። ሬሳውን ግን እስካሁን የነካው አልነበረም። ሙርካድ እንኳን ጧት መጥቶ አይቶ፣ ከልጁ አጠገብ ተንበርክኮ፣ እጁን ሳይዘረጋ ተመልሷል። የተጠራችው ዳኛ ከማየቷ በፊት መንካት ሕጉ አይፈቅድም።

ጎርምላ ጉልበቷን እየረገመች ቁጢጥ አለች። ሟቹ ለበዓሉ እንደለበሰ ነው። ቀይ ካባው ደረቱ ላይ በነሐስ ማያያዣ ተያይዟል፤ በወርቅ ክር የተጠለፈው ጠርዙ በፀሐዩ ያብለጨልጫል። ወገቡ ላይ የቢላዋ ሰገባ አለ፣ ቢላዋው የለም። የቀስቱን ጫፍ በሁለት ጣቷ ይዛ ሳበችው፤ ያለ አንዳች ትግል ወጣ። ጫፉ ላይ ብቻ ደም ነክቶታል። ጣቷን ቁስሉ ውስጥ ስትከት ሙርካድ ፊቱን አዞረ። የትከሻው አጥንት ጫፍ እንደ አይብ ተቆርጧል። ከዚያ ሬሳውን በጎኑ አገላብጣ ከሥሩ ያለውን ሣር በመዳፏ ዳበሰች። መዳፏን አየችውና በቀሚሷ ጠረገችው።

«ፌርጋል ደጋጎቹን ይፈራ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«ከልጅነቱ። በዚህ በኩል ሲያልፍ እንኳ፣ ወደ ክበቡ ሳይገባ፣ ከሩቁ ካባውን ይገለብጥ ነበር። እህቱ ትስቅበት ነበር» አለ ሙርካድ።

ሰው ነገር ሲገባው ፊቱ ይበራል ይባላል፤ የጎርምላ ግን ይጨልም ነበር።

ወደ ደመራው ሲወርዱ ጩኸት ሰሙ። ኡዋን ከድንጋይ ምሰሶ ጋር ታስሯል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ለዓይን የሚያሳሳ ወንድ ነበር፤ አሁን ግን ሰንሰለቱ የነካው ቆዳ ሁሉ እንደ ጥብስ ተኮማትሮ ጭስ ይወጣዋል። ጸጉሩን በማጭድ ላጭተውታል። አንድ ዓይኑ በድንጋይ ተመትቶ ተዘግቷል። ከፊቱ የቆመው ወጣት የማረሻ ብረት ጉንጩ ላይ ለጥፎ «በል ተናገር፣ በል» እያለ ያለቅሳል። ሎርካን ነው። ሎርካን የሙርካድ የጡት ልጅ፣ የፌርጋል የጡት ወንድም ነው፤ ሁለቱ ከአንድ ጡት ጠብተው፣ በአንድ ቆዳ ተኝተው ያደጉ ናቸው። በዚያ አገር የጡት ወንድም ከሥጋ ወንድም ይበልጣል።

ጎርምላ በምርኩዟ እጁን መታችው። ብረቱ ወደቀ።

«ገና ሳልፈርድ ማን ጥበስ አለህ?»

«ወንድሜን ነው የገደለው፣ እማማ።»

«እሱን እኔ እደርስበታለሁ። አንተ ራቅ በል።»

ዝንቡ በዚያ ቦታ አያድርስ ነው። የተቃጠለው ሥጋ ላይ ይሰፍራል፣ ሰዉ ላይ ይሰፍራል፤ ሎርካን ወደ ኋላው እጁን እየሰደደ ያባርራል። ጎርምላ ከእስረኛው ፊት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ደጋጎቹ ነገር ያጣምማሉ እንጂ ውሸት ከአፋቸው አይወጣም፤ ስለዚህ ቀጥተኛ ጥያቄ ያስፈልጋቸዋል።

«ገድለኸዋል?»

«አልገደልኩትም።»

«ማን እንደገደለው አይተሃል?»

«አላየሁም። ማታውን ከዱንላ ጋር ነበርኩ፣ ወንዙ ዳር።»

«ታዲያ የምታውቀው ምንድን ነው?»

ኡዋን አንገቱን ሊያነሳ ሲሞክር ሰንሰለቱ ከተጣበቀበት ቆዳ ሲላቀቅ ተሰማ። «የሰው እግር ቤቴ ሲገባ፣ የትም ብሆን መሬቱ ይነግረኛል። ትናንት ፀሐይ ስትጠልቅ አንድ ሰው ብቻውን እየተራመደ ገባ። ሲገባ እግሩ ከባድ ነበር። ሲወጣ ቀለለው።»

ሰዉ አጉረመረመ። ሎርካን ወደ ሕዝቡ ዞሮ ሰማችሁ፣ ፌርጋል ብቻውን ገባ ነው የሚለው፣ ነፍሱ ቀልላ ወጣች እያለ ይሳለቅብናል አለ። አንዲት ሴትዮ ምራቋን ኡዋን ላይ ተፋች። ጎርምላ ግን የሰማችውን በልቧ ያዘች። ለነገሩ የደጋጎቹ ምስክርነት በሕግ ፊት የውሻ ጩኸት ያህል ዋጋ የለውም፤ እውነት ቢሆንም ሌላ እግር ያስፈልገዋል።

ከዚያ ሎርካንን ለብቻው ዋርካ ወደሚያህለው የኦክ ዛፍ ጥላ ወሰደችው። ቀኑ ሞቋል፤ ወንዱ ሁሉ ካባውን አውልቆ ትከሻው ላይ ጥሎታል። ሎርካን አረንጓዴ ካባውን እስከ አንገቱ አያይዞ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። በርዶህ ነው ወይ ብትለው ሐዘን ያንቀጠቅጠኛል አላት። ትናንት ምሽት ፌርጋልን የት እንዳየው ጠየቀችው።

«ወደ ጉብታው ሲወጣ ነው ያየሁት። ከታች ሆኜ ጠራሁት፣ አልሰማኝም። ያንን ጋኔን ልገድል ነው ሲል ሰንብቷል።»

«እስከ ዛፎቹ ሲገባ አየኸው?»

«በዚህ ዓይኔ። ፀሐይዋ እየጠለቀች ነበር። የካባው ወርቅ ሲያብለጨልጭ፣ በሁለቱ ዛፎች መሐል ሲገባ አየሁት። ያን ጊዜ ሮጬ ብይዘው ኖሮ…» ፊቱን በእጆቹ ሸፈነና ተንሰቀሰቀ። እንባው እውነተኛ ነበር፤ እንዲህ ያለ እንባ ነው ዳኛን የሚያስቸግረው።

«ዱንላ ለአንተ የታጨች ነበረች?»

«ናት እንጂ። ድግምት አድርጎባት ነው እንጂ እሷ የኔ ናት።»

ጎርምላ እግዜር ያጽናህ ብላ አሰናበተችው። ሲሄድ ከኋላው ዝንቦች ተከተሉት። ከተቃጠለው ሰው በጣም ርቀዋል፤ እሷ ላይ ግን አንድም ዝንብ አልሰፈረም። ጀርባውን እስኪሰወር ድረስ አየችው።

አንጥረኛው ኡልታን ግን ከሁሉ ይልቅ አጠራጣሪ ነበር። የእሳት ቤቱ ቀዝቅዟል፤ እንደ ልማዱ ከበዓሉ ዋዜማ ጀምሮ በሸለቆው ያለ ምድጃ ሁሉ ጠፍቷል፤ አዲስ እሳት ከደመራው እስኪወሰድ ድረስ የሚነድ ነገር የለም። ታዲያ ይህን ሁሉ ሰንሰለት መቼ ሠራህ አለችው።

ኡልታን ሳያፍር መለሰላት። የመጀመሪያ ልጁን ደጋጎቹ ከአልጋው ሰርቀው የራሳቸውን ተክተውበት፣ ምትኩ ሦስት ቀን አልቅሶ ሞቷል። ያን ጊዜ ነው ሰንሰለቱን የሠራው። ከዚያ ወዲህ ዘይት እየቀባ ሲያስቀምጠው ኖሯል።

«ሰው እስኪሞት ስትጠብቅ ነበር ማለት ነው» አለችው።

«ስጠብቅ ነበር፣ እማማ። ግን የፌርጋልን ሞት አይደለም። እሱ ልጄ የሞተ ጊዜ ከኔ ጋር መሬት ላይ የተኛ ብቸኛ ሰው ነው።»

«ደጋጎቹን ለማቃጠል ሰው ትገድላለህ?»

ኡልታን መዶሻውን ከእጅ ወደ እጅ አቀያየረ። «ሲቃጠሉ ማየት እጠላለሁ ብዬ አልዋሽም» አላት። ይህ መልስ አይደለም፤ ጎርምላ ግን ከዚህ በላይ አልገፋችውም።

ዱንላን ያገኘቻት ጎጆ ውስጥ ተዘግቶባት ነው። ፊቷን በጥፍሯ ቧጭራዋለች። ኡዋን አብሯት እንደነበር ስትናገር ማንም አልሰማትም፤ ድግምት የተደገመባት ሴት ምስክር አትሆንም ብለዋታል። ዳኛዋን ስታይ እግሯ ላይ ወደቀች።

«ካቃጠሉት እኔም አብሬው ነኝ። እሳት ውስጥ ገብቼ አቅፈዋለሁ። አባቴ ይሄንን ይወቅልኝ» አለች።

«ተነሺ። እሳቱ ገና አልተለኮሰም። ፌርጋል ሰውዬሽን ይጠላው ነበር?»

«በፊት ይጠላው ነበር። ትናንት ግን መጣና እንዲህ አለኝ፤ ‹አንቺን በግድ ሰጥቼ በየቀኑ ስትሞቺ ከማይ፣ ከሱ ጋር ሄደሽ በሕይወት መኖርሽን ባውቅ ይሻለኛል። አባባንም እኔ አሳምነዋለሁ።› አብረን አለቀስን፣ እማማ።»

«ይህን ለማን ተናግረሻል?»

«ለማንም። እሱም ለማንም አልተናገረም። መጀመሪያ ለሎርካን ራሴ ልንገረው፣ ከሌላ ሰው አፍ አይስማ፣ ወንድሜ ነው ብሎ ወደ መሸጋገሪያው ወረደ። ሎርካን ከብቶቹን እያሻገረ ነበር።» እዚህ ላይ ዱንላ ቆመች። የዳኛዋን ፊት አየች። የገዛ ቃሏ ገና አሁን ለጆሮዋ የደረሰ ይመስል አፏን በእጇ ያዘች።

ጎርምላ በቅሎዋን ይዛ ብቻዋን ወደ መሸጋገሪያው ወረደች። ከብቶቹ መሬቱን አቡክተውታል። ከመንገዱ ጥቂት ገባ ብሎ፣ ፈርን ከሚባለው የጥላ ቅጠል መሐል፣ አንድ ሰው የሚያስተኛ ያህል መሬት ሣሩ ተገልብጦ ሥሩ ወደ ላይ ሆኗል። ዝንቡ እንደ ንብ ያጉረመርምበታል። በምርኩዟ ብትቆፍረው ከሥሩ ጥቁር የረጋ ደም ወጣ፤ በሬ የታረደ ይመስላል። ትንሽ ራቅ ብሎ ውሃው ውስጥ አንድ ቢላዋ ተኝቷል። ሰገባውን ቀድማ ፌርጋል ወገብ ላይ አይታዋለች።

ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ሰዉ ደመራውን ከብቦ ችቦ ሊያሰናዳ ሲል ጎርምላ ፍርዱን የምሰጠው ሬሳው በተገኘበት፣ ጉብታው አናት ላይ ነው አለች። ሙርካድ ጊዜ የለም፣ ሰው ቀኑን ሙሉ ሳይቀምስ ነው የዋለው ብሎ ተቆጣ። ሕጉን አንተ ታውቀዋለህ ወይስ እኔ አለችው። ተነሱ። ኡዋንን በሰንሰለቱ እየጎተቱ፣ ዱንላን ሁለት ሴቶች ይዘዋት፣ ኡልታን መዶሻውን ተሸክሞ፣ የቀረውም ሕዝብ ተከትሎ ወጣ።

ከዛፎቹ ጠርዝ ጎርምላ ቀድማ ገባችና ዞራ ቆመች። ሙርካድ ካባውን ገልብጦ ገባ። ኡልታን ገለበጠ። ሴቶቹ፣ ሽማግሌዎቹ፣ እረኞቹ ሁሉ እያወለቁ፣ እያራገፉ፣ እየገለበጡ ገቡ። ክበቡ በአንዴ በተገላቢጦሽ ልብስ ተሞላ። ዱንላ ብቻ እንደለበሰች ገባች፤ እሷ ይህን ደጅ መፍራት ከተወች ቆይታለች። ጎርምላ የዱንላን ካባ አስወልቃ ውስጡንም ውጭውንም ለሕዝቡ ዘረጋችው። ንጹሕ ነው።

ሎርካን ከዛፎቹ ውጭ ቆሟል።

«ግባ እንጂ ልጄ» አለችው።

«ከዚህ እሰማለሁ።»

«ወንድምህ የወደቀበትን አታይም?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ጥርሱን ነክሶ፣ አረንጓዴ ካባውን እንደለበሰ፣ በሁለቱ ዛፎች መሐል አልፎ ገባ። ከሴቶቹ አንዷ በድንጋጤ ማተቧን ያዘች።

«ካባህን አልገለበጥክም» አለችው ጎርምላ።

«ሐዘንተኛ ምን ይፈራል?»

«አባቱም ሐዘንተኛ ነው፤ ገልብጧል። በሉ ስሙኝ።» ምርኩዟን ወደ ሬሳው ቀሰረች። «እዩት ፌርጋልን። ጧት ሁላችሁም ከሩቅ አይታችሁታል፣ አባቱም እኔም ከቅርብ አይተነዋል። ቀዩ ወደ ውጭ ነው። ወርቁ ወደ ውጭ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ በሩቁ ሲያልፍ እንኳ ካባውን የሚገለብጥ ሰው፣ ሊዋጋ ወደ ደጋጎቹ ቤት ሲገባ እንዳማረበት ገባ? የለም። ፌርጋል በእግሩ አልገባም። ሞቶ ነው የገባው።»

ሙርካድ እንደተመታ ሰው ወደ ኋላ አለ።

«ከሥሩ ያለው ሣር እንዲህ ላለ ቁስል የሚበቃ ደም የለውም። ደሙ መሸጋገሪያው አጠገብ፣ በተገለበጠ ሣር ሥር ተቀብሯል፤ የራሱም ቢላዋ ውሃ ውስጥ ነው፤ የፈለገ ወርዶ ይይ። ድንጋዩ ለማሳሳት የተሰካ ጌጥ ነው። ድንጋይ የትከሻ አጥንት እንደ አይብ አይቆርጥም፤ ብረት ነው የቆረጠው። ብረት ደግሞ ይሄ ሰውዬ መያዝ አይችልም፣ ምን እንደሚያደርገው ቀኑን ሙሉ ስታዩ ውላችኋል። እሱ የነገራችሁንም አስቡት። አንድ ሰው ሲገባ ከባድ፣ ሲወጣ ቀላል። ሬሳ ተሸክሞ ገብቶ፣ ጥሎ ወጣ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው።»

«ደጋጎቹ ራሳቸው ተሸክመውት ቢሆንስ?» አለ ከእረኞቹ አንዱ።

«ገዳይ ሬሳ ተሸክሞ የራሱ ደጅ ላይ ያስቀምጣል? የሰው ደጅ ላይ ነው እንጂ የሚጥለው። ደግሞም የተሸከመው ሰው ነው፤ ሰው ስለሆነም ፈርቷል፤ ስለፈራም እዚህ ጠርዝ ላይ ሬሳውን ከጫነበት ከብት አውርዶ ካባውን ገለበጠ። እናንተ አሁን ሳታስቡት እንዳደረጋችሁት። ሬሳውን ትከሻው ላይ አድርጎ ገባ። ያን ጊዜ የሚንጠባጠበው ደም የት ይፈሳል? ውጭ በሆነው ውስጠኛው ላይ። ሲወጣ መልሶ ገልብጦ ለበሰው። ከላይ ሲያዩት ንጹሕ ነው። አጥቦ እንዳያደርቀው እሳት በየትም የለም፤ ዝናብ ሳይዘንብ እርጥብ ካባ ለብሶ ቢውል ይጠየቃል፤ ጥሎት ቢመጣም አረንጓዴ ካባውን የማያውቅ የለም። ስለዚህ በዚህ ሙቀት ቀኑን ሙሉ እንደተጀቦነ ዋለ። ሰው አላወቀበትም። ዝንብ ግን አወቀበት።»

ሎርካን ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ተራመደ። ኡልታን ከኋላው ቆሟል።

«የካባው ወርቅ ሲያብለጨልጭ፣ በዛፎቹ መሐል ሲገባ በዓይኔ አየሁ ያልከኝ አንተ ነህ፣ ሎርካን። ያንን ወርቅ ያየኸው ትከሻህ ላይ ተንጠልጥሎ ነው። የራስህን ፍርሃት አሰብክ፣ የእሱን ረሳህ። በል፣ ካባህን ገልብጥልን።»

ሙርካድ ራሱ ሄዶ የጡት ልጁን ማያያዣ ፈታና ካባውን ገፈፈው። ቡናማው ውስጠኛ ከትከሻው እስከ ወገቡ ጠቁሮ እንደ ቆዳ ደርቋል። ዝንቦቹ ወዲያው ሰፈሩበት።

«እየሳቀ ነገረኝ» አለ ሎርካን። ድምፁ የሕፃን ድምፅ መስሎ ነበር። «ሌላ ታገኛለህ፣ አገር ሙሉ ሴት አለ አለኝ። እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ። ስታገለው ቢላዋው እጄ ገባ። እኔ እሱን አልነበረም… እኔ መቃጠል ያለበት ያኛው ነው ብዬ ነው።»

አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ ይባል የለ፤ ይህን ብሎ ሳይጨርስ ከእረኛው ወገብ ጩቤ ነጥቆ ኡዋን ላይ ወደቀ። ጩቤው እስከ እጀታው የታሰረው ሰው ትከሻ ውስጥ ገባ፤ ሥጋው እንደ ጋለ ምጣድ ሲንጫጫ ሁሉም ሰማው። ሁለተኛ ሊደግም እጁን ሲያነሳ ኡልታን በመዶሻው ክንዱን መታው። አጥንቱ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሎርካን ወድቆ ሲጮህ ሰዉ ሊረግጠው ገፋ፤ ጎርምላ በምርኩዟ እየደበደበች መለሰቻቸው።

«የጡት ወንድሙን የገደለ በሰው እጅ አይሞትም። የወገን ደም በደም አይከፈልም። መቅዘፊያ በሌላት የቆዳ ጀልባ ላይ ወደ ባሕር ይገፋል፤ የሚገፋውም አሳዳጊው ነው። ሕጉ ይኼ ነው፣ እኔ አልጻፍኩትም» አለች።

ኡልታን ለአፍታ ኡዋንን ቁልቁል አየው። ከዚያ ሰንሰለቱን ድንጋይ ላይ አጋድሞ ይቀጠቅጠው ጀመር። ሲሰብረው ያለቅስ ነበር፤ ለማን እንደሚያለቅስ ግን አልተናገረም።

ኡዋን ከሰንሰለቱ ሲላቀቅ መቆም አልቻለም። የብረቱ መርዝ ወደ ልቡ እየሄደ ነው፤ ከወገኖቹ በቀር የሚያድነው የለም፤ ዱንላ ይህን ታውቃለች፣ አባቷም ያውቃል። ከጉብታው ሥር የገባ ሰው ደግሞ ሲወጣ የሚያውቁት ሁሉ ሞተው ነው የሚያገኘው። ዱንላ የኡዋንን ክንድ አንገቷ ላይ አድርጋ ደግፋ አነሳችው፤ ደሙ ደረቷን አጠበው። አባቷ ፊት ስትደርስ ቆመች።

«አባዬ፣ መርቀኝ።»

«ነገ ወንድምሽን እንቀብራለን» አላት።

«እስከ ነገ አይቆይልኝም።»

ሙርካድ እጁን አነሳ፤ መልሶ ሊያወርደው ምንም አልቀረውም ነበር፤ ከዚያ ጭንቅላቷ ላይ አኖረው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣውም። ጉብታው በጎኑ ያለ ድምፅ ተከፈተ። ሁለቱ ገቡ። ሣሩ ተመልሶ ሣር ሆነ፣ ሰዉም ወደ ታች ወረደ።

በማግስቱ ፌርጋል ከተቀበረ በኋላ ሙርካድ በገዛ እጁ ጀልባዋን ገፋ። ሎርካን የተሰበረ ክንዱን ደረቱ ላይ ታቅፎ «አባባ» እያለ ይጣራ ነበር፤ ነፋሱ ድምፁን እስኪወስደው ድረስ አልተወም። ሙርካድ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሞ ሰማው። ሲወጣ ጠጠሩ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ጎርምላ በቅሎዋን ይዛ አጠገቡ ቆማለች።

«ባትመጪ ኖሮ» አላት ባሕሩን እያየ፣ «የምቀብረው አንድ ልጅ ነበር።»

እውነቱን ነው። ሁለቱ ይቀሩለት ነበር፤ አንደኛው ነፍሰ ገዳይ፣ አንደኛዋ በቁሟ የሞተች፣ ቢሆንም ማዕዱ ላይ ይቀመጡ ነበር። ጎርምላ ሕጉን ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ታውቀዋለች። ለዚህ የሚሆን ቃል ብትፈልግ አላገኘችም።

«አዎ፣ ሙርካድ» አለችው፤ ጉልበቷ እያመማት ጠጠሩ ላይ አጠገቡ ተቀመጠች።